መርሳ ግድግዳ ላይ ያጣሁት ዓይን

ሁለት ሺህ አሥራ አንድ ዓመተ ምሕረት ላይ እኔ የሰባ ሁለት ዓመት ሽማግሌ ነበርሁ። በዚያ ዓመት የተማርሁት ነገር ቢኖር፣ ሰው ሲያረጅ ከብርድና ከሠዓሊ መሸሽ እንዳለበት ነው። ብርዱስ ግድ የለም፤ ጋቢ ደርበው ያሳልፉታል። ሠዓሊ ግን አንዴ ከያዘህ አይለቅህም። ግድግዳ ላይ ያወጣህና፣ አንተ ቤትህ ገብተህ ተኝተህ እንኳ እዚያ መንገድ ዳር ቆመህ ስትሰደብ ታድራለህ።

አሁን እናንተ «ይኼ ሽማግሌ ደግሞ ከሥዕል ምን አገናኘው» ትሉ ይሆናል። እውነታችሁን ነው። ፊደል የቆጠርሁት በመሠረተ ትምህርት ጊዜ ነው፤ እሱንም ሳንጨርስ መምህሩ ተዛወረብን። ሥዕል ግን ፊደል አይጠይቅም፤ ዓይን ነው የሚጠይቅ። ዓይን ደግሞ ነበረኝ... ሁለት። ጣጣው የመጣውም ከዚሁ ነው።

መርሳን የማታውቁ ካላችሁ፣ ከደሴ ወደ ወልድያ ስትሄዱ ውርጌሳን አልፋችሁ፣ ማንጎና ብርቱካን ሻጩ አውቶቡሱን የሚከብበት ከተማ ነው። መናኸሪያው ፊት ለፊት ረዥም የብሎኬት አጥር አለ። ያ አጥር ዕድሜውን ሙሉ ፍየል ሲታሰርበት ኖረ። ደግሞም «እዚህ መሽናት ክልክል ነው» ተብሎ ይጻፍበታል፤ ከጽሑፉ ሥር ይሸናበታል። አንድ ቀን አንድ ሹም ከመኪናው ወርዶ አጥሩን አየና ባዶነቱ አሳዘነው። ቧንቧው ባዶ ሲሆን ያላዘነ ሰው፣ ግድግዳው ባዶ ሆኖ ሲያይ ከንፈሩን መጠጠ። «የማኅበረሰባችን ገጽታ ይሳልበት» ብሎ አዘዘ። እኛም ገጽታ ምን እንደሆነ ተጠያይቀን ስናበቃ፣ ለካ ፊታችን ኖሯል።

ሠዓሊዋ ሰዓዳ ትባላለች፤ የጓደኛዬ የሸህ ሰይድ የልጅ ልጅ ናት። ሸህ ሰይድና እኔ በሐብሩ ወረዳ ሰው ሲጣላ የምንጠራ ሽማግሎች ነን። እሱ በዱዓ ይከፍታል፤ እኔ በቁጣ እዘጋለሁ። እሱ ከሌለ እኔ አልቀመጥም፤ እኔ ከሌለሁ እሱም አይቀመጥም። እንደ ጥማድ በሬ ነን፤ አንዳችን ብንጎድል እርሻ የለም። ልጅቱ አዲስ አበባ ተምራ የመጣች ጊዜ ጠየቅሁት።

«ሰይዶ፣ ምን ተማረች?»

«ቀለም።»

«የቤት ቀለም?»

«እሱንማ ብትማር ቢያንስ ቤቴን ትቀባልኝ ነበር» አለኝ።

ልጅቱ ግን መልካም ልጅ ናት፤ ሰው ታከብራለች። አንድ ቀን ሁለታችን አጥር ጥግ ፀሐይ ስንሞቅ መጣችና ስልኳን አውጥታ አንድ ሥዕል አሳየችን። ፈረንጆች በጥንት ዘመን የሳሉት ነው አለች። ትልቅ አዳራሽ ነው፤ ደረጃ አለው። ጢማም ጢማም ሽማግሎች አንሶላ ተጠቅልለው ቆመዋል። አንዱ ወደ ሰማይ ይጠቁማል፤ አንዱ ወደ ምድር። አንዱማ ልብሱን ጥሎ ደረጃው ላይ ተጋድሟል።

«እነዚህ ሰዎች ሥራ የላቸውም?» አልኋት።

«ሥራቸው ማሰብ ነው፣ አያ ደምሌ። የጥንት አዋቂዎች ናቸው፤ ተሰብስበው እየተከራከሩ ነው።»

«ማሰብ ሥራ ከሆነ እኛ አገር ሥራ ፈት የለማ።»

«ለዚያ እኮ ነው። እናንተም ዋርካ ሥር ተሰብስባችሁ ትከራከራላችሁ። የመርሳን ሰው በዚህ በጥንቱ አሳሳል ልስለው ነው። እርስዎንና አባባን መካከል ላይ አደርጋችኋለሁ።»

ሸህ ሰይድ ወዲያው እጁን አነሣ። «እኔን ተዪኝ። ፊት መሳል ለኔ ሐራም ነው።»

«አባባዬ፣ እርስዎ ከሌሉማ ሥዕሉ ጎደለ።»

«እንግዲያው ከጀርባዬ ሳይኝ።»

«ጀርባህንስ ማን ፈጠረውና ነው የምትፈቅድ?» አልሁት።

«ጀርባ አይናገርም» አለኝ። ሰይድ እንዲህ ነው። ለሁሉም መውጫ ያዘጋጃል። እኔ ሞኙ ግን ፊቴን እንደ ሰርግ ቤት በር ከፍቼ ሰጠኋት።

«ዝም ብላችሁ ተከራከሩ፤ እኔ ፎቶ አነሣለሁ» አለች። ለመከራከር ማን ይለምነናል። ሐራ ገበያ ላይ ወይፈን ስንገዛ ማን እንደተታለለ ከጎልማሳነታችን ጀምሮ አልተስማማንም። እሱ አንተ ነህ ይላል፤ እኔ አንተ ነህ እላለሁ። ወደሱ ዞሬ ጣቴን ቀስሬ፣ በዚያኛው እጄ የደም ግፊት ኪኒኔን በፌስታል እንደያዝሁ ስጮህበት ልጅቱ አነሣችን። እኔ ፎቶው ማለቁንም አላወቅሁም። ክርክሩም አላለቀም።

ልጅቱ ግድግዳውን በሸራ ጋርዳ ሥራዋን ያዘች። እኛም ወደ ሥራችን ሄድን። ያን ሰሞን የያዝነው ነገር ከባድ ነበር፤ ቀልድ አይደለም። ግራና ላይ ይመርና አበራ የሚባሉ ወንድማማቾች አሉ። ይመር ታላቁ ነው። የአባታቸውን መሬት ተካፍለው ሽንኩርት ያለማሉ። መሬቱ ለሁለት ቢከፈልም የሚያጠጣው ቦይ ግን አንድ ነው። ውኃው በተራ ነው። አንድ ንጋት ላይ አበራ የይመርን ተራ ሰብሮ ውኃውን ወደራሱ ማሳ መለሰው። ይመር ደረሰበት። ዶማ ተማዘዙ። አበራ የሰነዘረው ዶማ የይመርን ክንድ ገመሰው። ከዚያ ወዲያ መነጋገር ቀረ። አበራ «ወንድሜ ሳይቀድመኝ ልቅደም» ብሎ በሬውን ሸጦ ጠብመንጃ ሊገዛ ነው የሚል ወሬ መጣ። እናታቸው መርሳ ድረስ መጥታ እግሬ ላይ ወደቀች። «አንዱን ልቀብር፣ አንዱን ወኅኒ ልጠይቅ ነው ወይ አያ ደምሌ?» አለችኝ። ምን ይባላል? በስንት ጉትጎታ ሁለቱም በሽማግሌ እንዲዳኙ እሺ አሉ፤ ቀንም ተቆረጠ።

ከቀጠሮው በፊት ሥዕሉ ተመረቀ።

ድንኳን ተጣለ፤ ድምፅ ማጉያ ጮኸ። ሹሙ ስለ ገጽታ ተናገረ፤ ከዚያ ስለ ገጽታ ግንባታ ተናገረ፤ ሲደክመው ደግሞ ስለ ገጽታ እንደገና ተናገረ። ሸራው ወረደ። ሕዝቡ «ኦ» አለ።

መቼም ትልቅነቱን አልክድም። ዋርካው አለ፤ ከሥሩ እንደ ፈረንጁ አዳራሽ ደረጃ ተሠርቶለታል። መርሳ ውስጥ እንደዚያ ያለ ደረጃ የት እንዳለ እግዜር ይወቅ። ጎማ ጠጋኙ ካላማዳሪውን እንደ ጋሻ ይዞ ቆሟል። የባጃጅ ሾፌሩ አንሶላ ለብሶ፣ ደረቱን ገልጦ ደረጃው ላይ ተጋድሟል። ልጁ እዚያው አጠገቤ ነበር፤ «እጮኛዬ ቤተሰቦቿን ይዛ መጥታለች እኮ» ብሎ ባጃጁ ውስጥ ገብቶ ተደበቀ። መካከል ላይ የአንድ ሽማግሌ ጀርባ አለ፤ ጎበጥ ብሎ፣ ከዘራውን ተመርኩዞ፣ ጥምጥሙ ወደ ግራ ዘመም ብሎ። «ወላሂ ሸህ ሰይድ ናቸው» አለ ሰው ሁሉ በአንድ አፍ። ሰውየው ፊቱን ደብቆ ጀርባው አሳበቀበት።

ከሱ ፊት ለፊት እኔ ነኝ። ካፖርቴ ተገፎ አንሶላ ለብሻለሁ። ጣቴን ቀስሬያለሁ። በዚያኛው እጄ፣ ፌስታሌ ቀርቶ፣ አፉ በገመድ የታሰረ የቆዳ ከረጢት ይዣለሁ። የተሳልሁት ደግሞ ከጎን ነው። አፍንጫዬ እንደ ማረሻ ወደፊት ሄዷል፤ ዓይኔ አንድ ነው።

ለማታውቁት ልንገራችሁ። በኛ ቤተ ክርስቲያን የጥንት ሥዕል ውስጥ ጻድቅ የሆነ ሁሉ ፊት ለፊት፣ በሁለት ዓይኑ ያያችኋል። ሰይጣኑ፣ ገራፊው፣ ከሃዲው ነው ከጎን፣ በአንድ ዓይን የሚሳል። ይህንን ቁጭ አድርጎ ያስተማረን የለም። በእናታችን ጀርባ ታዝለን ያየነው ነው። በጸሎተ ሐሙሱ ማዕድ ላይ ሁሉም ሐዋርያት ሁለት ሁለት ዓይን ይዘው ሲቀመጡ፣ አንዱ ብቻ ፊቱን አዙሮ፣ አንድ ዓይኑን አፍጥጦ፣ ከረጢት ጨብጦ ይታያል። ማን እንደሆነ ታውቃላችሁ።

ሕዝቡም አወቀ። ከፊቴ የቆመች አንዲት ባልቴት ግድግዳውን አየች፤ ዞራ እኔን አየች፤ አማተበች። የአጥቢያችን ዲያቆን ሳቁን በነጠላው አፈነ። ከኋላ አንዱ «አያ ደምሌ፣ በስንት ሸጡት?» አለ። ሹሙ ግን እያጨበጨበ ነበር። እሱም የተጠመቀ ክርስቲያን ነው፤ ሥዕሉንም አስቀድሞ አይቶ «ይበል» ያለ እሱ ነው። ሹም ሲሆኑ ዓይን ወዴት እንደሚሄድ እንጃ።

ቤቴ ገብቼ ለባለቤቴ ለጥሩነሽ ነገርኋት። «በአንድ ዓይን ሳለችኝ» አልኋት።

«እና ምን አዲስ ነገር አለው? እኔን መቼ በሁለት ዓይንህ አይተኸኝ ታውቃለህ» አለችና ሽሮዋን ማማሰል ቀጠለች።

በማግሥቱ ሰዓዳን ግድግዳው ሥር አገኘኋት።

«ልጄ፣ ሁለተኛው ዓይኔ የታለ?»

«በዚያ በኩል ነው፣ አያ ደምሌ።»

«በየት በኩል?»

«በማይታየው በኩል። ከጎን የሚታይ ሰው አንዱ ዓይኑ ብቻ ነው የሚታይ።»

«እኔ ሁለት አለኝ።»

«አለዎት፤ ግን...»

«እንግዲያው ጨምሪው። እዚህ ጉንጬ ላይ ቦታ አለ።»

«ወላሂ ጉድ ይሆናል! ይህ እኮ የክብር አሳሳል ነው። በጥንት ጊዜ መኳንንቱ ሁሉ ከጎን ነበር የሚሳሉ። የድሮ ሳንቲም ላይ ጃንሆይስ ከጎን አይደሉም?»

«እሳቸውስ መጨረሻቸው ምን ሆነ?» አልኋት።

ልጅቱ እንዳልዋሸች ገባኝ። እስላም ናት፤ የቤተ ክርስቲያን ውስጡን የት አይታው? ከፈረንጅ የተማረችውን ነው ያመጣችልን። እኔ የተናደድሁት በሷ አይደለም ልበል? ተናድጃለሁ። በሷም፣ በፈረንጁም፣ በሹሙም፣ በብሎኬቱም ተናድጃለሁ። ሹሙ ዘንድ ሄድሁ። «አቤቱታዎ ለኮሚቴው ይቀርባል» አለኝ። «ኮሚቴው ማን ነው?» አልሁት። «ገና ይቋቋማል» አለኝ። ባዶ ግድግዳ ያላስተኛው ሰው ባዶ ኮሚቴ ይዞ ሲያንኮራፋ አያችሁልኝ?

እኔ ሳቁን እችለው ነበር። ዕድሜዬ ከሳቅ በላይ ነው። ያልቻልሁት ሌላ ነው። ሽማግሌ በሬ የለው፣ ማዕረግ የለው፣ ዘበኛ የለው። ያለችው ቃሉ ናት። ቃሉን የሚሰማለት ሰው «ይኼ ሰው አያዳላም» ብሎ ሲያምን ብቻ ነው። ይህችን ካጣ፣ ዋርካ ሥር የተቀመጠ ሥራ ፈት ነው። ግራና ላይ ደግሞ ሁለት ወንድማማቾች፣ አንድ በሬና አንድ ያልተገዛ ጠብመንጃ እየጠበቁኝ ነበር።

የቀጠሮው ቀን ደረሰ። ሸህ ሰይድ ዙሁር ከሰገደ በኋላ ግራና ገባን። ሰዓዳንም ይዟት መጥቷል። «ምነው?» ብዬ ብጠይቀው፣ «እግረ መንገዷን ትታረቅህ፤ ሰው ካስታረቅን በኋላ አንተን እናስታርቃለን» አለኝ። ዋርካው ሥር ሰው ተሰብስቧል። ይመር ክንዱን በጨርቅ አንጠልጥሎ በወዲህ ተቀመጠ፤ አበራ በወዲያ። በመካከላቸው በሬ ያሳልፋል። እናታቸው ራቅ ብላ ነጠላዋን አፏ ላይ ጭና ቆማለች።

ሰይድ ዱዓውን አደረገ። እኔም ጉሮሮዬን ጠርጌ «እንግዲህ አበራ...» ስል አበራ ተነሣ።

«አያ ደምሌ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። እርስዎ ነገሬን አያዩልኝም።»

«ለምን?»

«መርሳ ያለውን ሥዕል አይቼዋለሁ። አገር ሁሉ አይቶታል። የታየብዎት ነገር ባይኖር ኖሮ እንዲያ ባልተሳሉ። ከረጢት ጨብጠው፣ በአንድ ዓይን... የይመርን ብቻ የሚያይ ዓይን ከሆነስ? በይሁዳ አልዳኝም።»

አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ይሉ የለ? ልጁ የፈራው ፍርዱን ነው። ተራ የሰበረ እሱ፣ ዶማ ያሳረፈ እሱ፤ እንደሚረታ ያውቃል። ግን ማምለጫ አገኘ። ማምለጫውንም ቀለም ገዝታ፣ መሰላል ተከራይታ የሠራችለት ሰዓዳ ናት። ይመርም መነሣት ጀመረ። «እሱ ካልተዳኘ እኔም ምን አስቀመጠኝ» አለ። እናትየዋ እዚያው መሬት ላይ ቁጭ አለች።

እኔ ተቆጣሁ። «ይኸው ዓይኔ! ቁጠር!» ብዬ ጮኽሁ። ምን ይጠቅማል። አንድ ሽማግሌ ሁለት ዓይን እንዳለው መማል ከጀመረ ነገሩ አልቋል።

ሸህ ሰይድ ከዘራውን መሬት ላይ መታ አድርጎ «ቆዩ» አለ። «አበራ እውነቱን ነው። ነገር ያለበት ሽማግሌ አይዳኝም። ደምሌ ከዚህች ልጅ ጋር ተጣልቷል። አስቀድሞ እነሱ ይዳኙ።»

«ይዳኙ» አለ ሰው።

«እኔ አያቷ ነኝ፤ አልዳኝም። መርሳ ያለን ሰው እንዳንጠራ ሁሉም ሲስቅበት ከርሟል። አበራ፣ አንተ ሥዕሉን አይተኸዋል። ይመር፣ አንተስ?»

«አይቼዋለሁ» አለ ይመር።

«እንግዲያው ለዛሬ ሽማግሎቹ እናንተ ናችሁ። ዘወር ብላችሁ ምከሩና ፍርዳችሁን አምጡ።»

አበራ ጋቢውን አስተካከለ። አገር ተሰብስቦ ሽማግሌ ሁን ሲልህ እምቢ አይባልም፤ ነውር ነው። ይመርም እንደዚያው። እኔና ሰዓዳ ከሳሽና ተከሳሽ ሆነን መሐል ቆምን። «ሥዕሉ ስሜን አጠፋው» አልሁ። «ያየሁትን ነው የሳልሁ፤ ክፉ አላሰብሁም» አለች። እዚያ ላይ አለቀ። ወንድማማቾቹ ተራርቀው እየሄዱ ከዋርካው ጀርባ ገቡ።

እኛ ጆሯችንን ጣልን። ሰይድ መቁጠሪያውን አወጣ። ቀጥሎ የይመር ድምፅ መጣ፤ «እስቲ ወደዚያ ዙር» ይላል። እኔ አላስቻለኝም፤ አንገቴን አስግጌ አየሁ። ይመር በደህና እጁ የወንድሙን አገጭ ይዞ ወደ ጎን አዙሮታል። ትኩር ብሎ ያየዋል።

«አንድ ነው» አለ ይመር።

«ውሸትህን ነው። አንተ ደግሞ ዙር።» አበራ በተራው ወንድሙን አዞረው። ቆየ። «እውነትም አንድ ነው» አለ። ከዚያ ዓይኑ ወደ ወንድሙ ክንድ ሄደ መሰለኝ፤ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ያመረቅዛል?» ሲል ሰማሁት። ይመር የመለሰለትን ግን አልሰማሁም። እናትየዋ የሰማችው ይመስለኛል፤ ነጠላዋን ከአፏ ወደ ዓይኗ አንሥታ ነበር።

ተመልሰው ሲመጡ ጎን ለጎን ነበሩ። ይመር ተናገረ።

«አረጋግጠናል። ሰው ከጎኑ ሲታይ ዓይኑ አንድ ነው። ልጅቱ አልዋሸችም፤ ዓይኑ ባለበት ይቆይ። ከረጢቱ ግን ውሸት ነው። አያ ደምሌ የሚይዙት፣ ይኸው ዛሬም እንደያዙት፣ የኪኒን ፌስታል ነው፤ ፌስታል ተደርጎ ይሳል።»

«በጥንት ሥዕል ውስጥ ፌስታል የለም» አለች ሰዓዳ፤ ልታለቅስ ደርሳለች።

«ከዛሬ ጀምሮ አለ» አለ አበራ። ቀጠለና፣ «አያ ደምሌም ስማቸው እንዲመለስ፣ ነገ ገበያ ነውና ጠዋት ሥዕሉ ሥር ይቁሙ። ፊታቸውን ወደ መንገዱ አድርገው። ሰው ሁለት ዓይን እንዳላቸው አይቶ ይመን» አለ።

«እኔ? እንደ ሌባ ገበያ ላይ ልቁም? ይግባኝ!» አልሁ።

ሰይድ እንኳ ቀና ብሎ አላየኝም። «የሽማግሌ ቃል ይግባኝ የለውም ስትል ዕድሜ ልኬን ሰምቼሃለሁ» አለኝ። ከዚያ ወደ አበራ ዞረ። «እንግዲህ ልጄ፣ አያ ደምሌ ይሁዳ አይደሉም ብለህ በራስህ አፍ ፈርደሃል። ተቀመጥና ተዳኝ።»

አበራ ቆመ። ሰይድን አየ፤ እኔን አየ፤ ወንድሙን አየ። አዳኙ ወጥመዱን ሲዘጋ ድምፅ እንኳ አላሰማም። ለነገሩ እኔም ያን ጊዜ ነው የገባኝ። «ሥዕሉ ይጥፋ» ቢል ውሸት ነው ማለቱ ነው፤ «ይቆይ» ቢል ነውር የለበትም ማለቱ ነው፤ መመለሻው ያው እኔው ፊት ነበር። አበራ ተቀመጠ። በሬ በሚያሳልፈው ክፍተት ማዶ አልተቀመጠም፤ ወንድሙ አጠገብ ነው የተቀመጠ፤ ቅድም አብረው ስለመጡ እግሩ እዚያው ጣለው።

የውኃውን ነገር ፀሐይ ሳትጠልቅ ጨረስነው። ያጠፋ አመነ፤ የቆሰለ ማረ። የቀኑንና የሌሊቱን ተራ እንዲቀያየሩ ተስማሙ፤ ዋስ ጠሩ። በሬው እንደማይሸጥ አበራ በአገር ፊት ማለ። እኔ ግን ስንት ጊዜ አይቻለሁ፤ ማታ የታረቀ ጠዋት ሲጣላ። ዕርቅ በዋስ አይታይም፤ በንጋቱ ነው የሚታይ። እንቅልፍም አልወሰደኝ።

በማግሥቱ ጠዋት ካፖርቴን ለበስሁ፤ የተሳለውን አንሶላ እንዳላየሁ ሆኜ ሥዕሉ ሥር ሄጄ ቆምሁ። ሰዓዳ መሰላል ላይ ወጥታ፣ ፊቷን አጨፍግጋ ፌስታሉን ጥቁር ትቀባለች። ገበያተኛው ያልፋል። «አያ ደምሌ፣ ለካ ሁለት ናቸው» ይላል አንዱ። «አንዱ የውሸት እንዳይሆን» ይላል ሌላው። ዓይኔን አፍጥጬ ቆምሁ፤ አቧራው ሲገባበት እንኳ አልጨፈንሁም፤ በአንዱ ጨፈነ እንዳይሉኝ።

ከደሴ የመጣ አውቶቡስ አጠገቤ ቆመ። አንዲት ሴት በመስኮት ስልኳን አወጣች።

«አባቴ፣ እዚያ ላይ ያሉት እርስዎ ነዎት?»

«ነኝ።»

«ሲያምር! እንግዲያው ዞር ይበሉልኝ፤ እንደ ሥዕሉ ሆነው ላንሣዎ።»

«አልዞርም። የቆምሁት ፊት ለፊት እንድታዪኝ ነው።»

«ትንሽ ብቻ።»

«ሁለት ናቸው፤ ቁጠሪ።»

ሴትዮዋ ስልኳን አላወረደችም፤ እኔም አንገቴን አላነቃነቅሁም። ሾፌሩ ጡሩምባውን ነፋ። ይኼን ጊዜ በግራና መንገድ በኩል ሽንኩርት የጫነ አህያ ብቅ አለ። አበራ ከፊት ይስባል፤ ይመር ከኋላ በደህና እጁ ጭነቱን ደግፏል። አልተነጋገሩም። አህያው ግን አንድ ነው።

ዞር ብዬ አየኋቸው።

«አመሰግናለሁ አባቴ» አለች ሴትዮዋ፤ ስልኳን አውርዳ መስኮቷን ዘጋች።